ሰኞ የሚያዘው መረብ

መረቡ ውስጥ ካሉት ዓሦች ገሚሶቹ ሞተዋል። የቀሩት ገና ይንፈራገጣሉ። ሁሉም ሆዳቸው እንቁላል እንደያዘ ነው።

ሲስተር መንጠቆዋን ጥላ ተንበረከከች። ከነርስነት ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም ሲስተር ነው የሚላት። እሑድ ጠዋት ሐይቁ ወደ ሸምበቆው በገባበት በዚህ ጥግ ትቀመጣለች። ፈቃድ አላት፤ ግን ለመንጠቆ ብቻ። ዓሦች እንቁላል በሚጥሉበት ወራት እዚህ መረብ መጣል ክልክል ነው። ይህን የመሰለ ዓይነ ጠባብ መረብማ በሰው እጅ መገኘቱ ራሱ ወንጀል ነው።

ዳሩ ላይ ጠርሙስ፣ ፌስታልና የሲጋራ ፓኮ ተዝረክርኳል። አጠገቡ «ሕገ ወጥ ድርጊት ሲያዩ ይጠቁሙ» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ደወለች።

«ሐይቅ ጥበቃ።»

«መረብ አግኝቻለሁ። ዓሣው እያለቀ ነው፤ ቆሻሻውማ አይነገርም። ቶሎ ኑ!»

«ሰኞ እንመጣለን እናቴ። ምንም እንዳይነኩ።»

«ሰኞ? በሕይወት ያለ ዓሣ አለበት እኮ!»

«አልኩ እኮ፣ ሰኞ!»

ስልኩ ተዘጋ።

ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቁስል ስታጥብ የኖረች ሴት ቆሻሻ አይታ ማለፍ አይሆንላትም። በሕይወት ያሉትን ፈትታ ወደ ውኃው መለሰች። ጠርሙሱንም፣ ፌስታሉንም፣ መረቡንም ጆንያ ውስጥ ከተተች። ታክሲ ተሳፍራ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደችው።

«መረቡ በማን እጅ ተገኘ?» አለ ተረኛው ፖሊስ።

«በእኔ። ልሰጣችሁ ብዬ ነው ያመጣሁት…»

«በእርስዎ እጅ» ብሎ ጻፈ።

በቃ። ጠቋሚ ሆና ገብታ ተጠርጣሪ ሆና ቁጭ አለች። ፈቃዷን ቀሟት። ጥፋተኛ ከተባለች እስር አለ።

መርማሪው ሃምሳ አለቃ ግን ነገሩ አልዋጥለት አለ። በዚህ ሐይቅ በመረብ የታወቀውን ሰው አስጠራ። ጉማሬ ይሉታል፤ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም ነው። ሲስተርን ሲያይ ሳቁ መጣ።

«ይቺ ነርስ ሰው ጨርሳ ዓሣ ልታክም ነው?»

«አፍህን ሰብስብ!» አለ ሃምሳ አለቃው። «መረቡ ያንተ ነው?»

ጉማሬ ገመዱን አገላብጦ አየ። «ነበር። ይቺን ቋጠሮ እኔው ነኝ የቋጠርኳት። አምና ጥበቃዎቹ ወረሱብኝ።»

«ውሸቱን ነው!» አለች ሲስተር።

«ዝም በይ አንቺ፣ ጠቋሚ!»

ጉማሬ ግን አልዋሸም። ጥበቃዎቹ የወረሱትን መረብ ተመልሶ ገበያ እንዳይወጣ ገመዱን ቀይ ቀለም ይቀቡታል። ይህ ገመድ ቀይ ነው። ሃምሳ አለቃው በቁልፉ ጫፍ ፋቀው። ከቀዩ ሥር ጭቃ። ከጭቃው ሥር ሌላ ቀይ። ከሥሩ ደግሞ ጭቃ፤ ደግሞ ቀይ።

«ይሄ መረብ ስንቴ ነው የታሰረው?»

«ከኔ በላይ ነዋ!» አለ ጉማሬ።

የተወረሰ መረብ የሚገባበት መጋዘን ቁልፍ ያለው የሐይቅ ጥበቃው ኃላፊ ጋ ብቻ ነው። ሃምሳ አለቃው ሲስተርንና ጆንያውን ይዞ ሄደ። የኃላፊው ቢሮ ግድግዳ በምስክር ወረቀት ተለብጧል፤ በየፎቶው ላይ ኃላፊው መረብ ይዞ ፈገግ ብሏል።

«ሰኞ ማን ሊመጣ ነበር?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«እኔና ካሜራ።»

ሊክድ እንኳ አልሞከረም። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ስማ ወንድሜ፣ ሰዉ ሕግ ማክበር ጀመረ። መረብ የሚጥል ጠፋ። አለቆች ደግሞ ‹ዘንድሮ ምን ያዛችሁ?› ነው የሚሉት። ምንም ካልን ቢሮው ይታጠፋል፤ ሠራተኛው ይበተናል። ስለዚህ ራሳችን እንጥላለን፣ ራሳችን እንይዛለን።»

«ዓሦቹስ?» አለች ሲስተር።

«ባዶ መረብ ፎቶ ላይ አያምርም እናቴ።»

ሐይቅ እንዲጠብቅ የተቀጠረ ሰው ነው ይህን የሚናገረው! ወንጀል ሲያልቅበት ወንጀል አምርቶ፣ ያመረተውን ይዞ የሚሸለም። ቆሻሻውን እንኳ ከዳር ያላነሣው ፎቶው እንዲደምቅለት ነው።

«ይህንን ቃል ይሰጡኛል?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«የቱን? እኔ ምን አልኩ?» ኃላፊው ወንበሩን ተደገፈ። «መረቡ በማን እጅ እንደተገኘ እናንተው ጽፋችኋል። ውኃ ውስጥ እያለ ያየ ሌላ ሰው አለ?»

አልነበረም። እሷው ናት ያነሣችው። በገዛ እጇ።

«እንግዲህ የተያዘ መረብ መጋዘን ይግባ ይላል መመሪያው። ወዲህ በለው።»

ሃምሳ አለቃው ለበላይ አለቃው ደወለ። አስረዳ። ከዚያ ማዳመጥ ጀመረ። «ቀለሙ ግን እኮ ጌታዬ…» አለ። ቀጥሎ «እሺ ጌታዬ» ብቻ ሆነ። ስልኩን ሲያስቀምጥ ወደ ሲስተር ማየት አቃተው። ጆንያውን አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ሰምተኸዋል እኮ!» አለችው። በድንጋጤ አንተ ማለቷ ነው።

«ሰምቻለሁ ሲስተር።»

ወደ መስኮቱ ዞረ።

ኃላፊው የቀለሙን ጣሳ ከፈተ። ገመዱን ቀባ። ከዚያም እርጥቡን ጫፍ ሲስተር እጅ ላይ አኖረና ካሜራውን የያዘውን ሠራተኛ ጠራ።

«ቀና ይበሉ እናቴ። ፊትዎ ይታይ።»

ሲስተር ሃምሳ አለቃውን አየችው። እሱ መስኮቱን ያያል። በሩን አየችው፤ ዝግ ነው።

ቀና አለች።