ቢጫው የካሪ ጠርሙስ

አዛውንቱ የመሬት ቀያሽ ምሳ እየበሉ፣ ማንኪያቸውን እንደጨበጡ ወንበራቸው ላይ ሞተዋል። ፊታቸው አብጧል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን የህንድ ካሪ አለ፤ ሁለቱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ። ምራታቸው በጠርሙስ የታሸገ ሶስ ከሱቅ ገዝታ «እስቲ የትኛው እንደሚጣፍጥ እንሞክር» ብላ ያቀረበችው ነው።

ፖሊሶች «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ የቢጫውን ሳህን ጥግ በማንኪያ ፋቀች። የተፈጨ ለውዝ! ሟቹ ለውዝ ከቀመሱ ጉሮሯቸው እንደሚዘጋ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ የጠርሙሱ ወረቀት ላይ ደግሞ ለውዝ የሚባል አልተጻፈም። የገዛችው ምራት፣ ያበሰለችው ምራት። ፖሊሱ ምን ይጠብቃል? ካቴናውን አውጥቷል።

«ቆይ እንጂ፣ ምን አስቸኮለህ!» አለችው ወንፊት። ወደ ምራቲቱ ዞረች። «ጠርሙሶቹን ማን ከፈተ?»

«ቀዮቹ እምቢ ብለውኝ ባሌ ከፈተልኝ። ቢጫው ግን ገና ስነካው ተከፈተ። በእናትሽ እመኚኝ፣ እኔ አልገደልኳቸውም! እንደ አባቴ ነበሩ!»

ባሏ፣ የሟቹ ልጅ፣ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል።

«ከቢጫው ማን ማን ቀመሰ?»

«ታላቅ ሳይቀምስ ማን ይቀምሳል?» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ልብስ ሰፊው። «ጋሼ አንዴ ጎረሰ፣ በዚያው ቀረ። እኔ ሳህኑን አልነካሁም፤ ዛሬ ወጥ ቤትም እግሬ አልረገጠም።»

ወንፊት ቤቱን ዞረች። ልብስ ሰፊው ከሚኖርበት የጓሮ ክፍል መስኮት ላይ፣ ቀይ እድፍ ያለበት እርጥብ መሐረብ ተሰጥቷል።

«ይሄስ?»

«ነስሮኝ ነው። ጠዋት በሳሙና አጠብኩት፤ ደም መቼ በዋዛ ይለቃል?»

«እግዜር ይማርዎት» አለች፤ መሐረቡን ግን ይዛው ሄደች።

ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰብስባ ግማሽ ሎሚ አስመጣች።

«ጠርሙሱ በቀላሉ የተከፈተው ቀድሞ ስለተከፈተ ነው። የከፈተው ሰው ለለውዙ ቦታ እንዲገኝ ሶሱን ቀነሰ፤ እጁን ሲነካው በመሐረብ ጠረገ። ሶሱን ቢጫ ያደረገው እርድ ነው። እርድ ሳሙና ሲነካው ቀይ ይሆናል፤ ሎሚ ሲነካው ቢጫነቱ ይመለሳል። ደም እንዲህ አያደርግም።»

ሎሚውን ጨመቀችው። ቀዩ እድፍ ዓይናቸው እያየ ቢጫ ሆነ።

«ምሳ ላይ የተከፈተ ሶስ ጠዋት የታጠበ መሐረብ ላይ ምን ይሠራል?»

ልብስ ሰፊው ላብ አጠመቀው። «ቤቱን ሊሸጠው ነበር! ሠላሳ ዓመት የኖርኩበትን! በስተርጅና የት ልወድቅ?»

«ይቺ ምስኪንስ የት ትውደቅ ብለው ነው?» አለችው ወንፊት። ካቴናው እሱ እጅ ላይ ገባ።

ባል ይሄኔ ወደ ሚስቱ ተጠጋ። «ይቅር በይኝ፣ የኔ ዓለም።»

ምራቲቱ ሽርጧን ፈታች። «አጎትህ ለቤቱ ብሎ ነው። አንተ ግን በካቴና ሊያስሩኝ ሲሉ ‹አታደርገውም› ለማለት ምን ከለከለህ?»

 የአማቷን ፊት በነጠላ ሸፍና፣ ወደ እናቷ ቤት ሄደች።