የአምስተኛው መሳቢያ ነገር

ታዲዮስ ሱቄ ውስጥ ኮምፔርሳቶ ሲቆርጥ ዓይኔን ከእጁ ላይ አልነቅልም ነበር። ለፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ እንዳይሰርቀኝ ነው።

መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና፣ የደጋ ብርድ ልብስ፣ እሸጣለሁ። አምና ብል ስምንት ባና ስለበላብኝ ባለ ስድስት መሳቢያ ጠንካራ ቁም ሣጥን ለማሠራት ወሰንኩ። አናጢው ታዲዮስ ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ የመጣ፣ እኛ ዘንድ ገና ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ወፍራሙን ኮምፔርሳቶ በስሱ እንዳይለውጥብኝ እዚሁ ፊቴ እንዲሠራ አዘዝኩት። አልበቃኝም፤ አባቴ በጎቻቸው ጆሮ ላይ የሚያደርጉትን ምልክት እያንዳንዱ ኮምፔርሳቶ ጥግ ላይ በቢላ ቀረጽኩበት።

ታዲዮስ አየው። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የአባቴ የበግ ምልክት። ቢጠፋ አገኘዋለሁ።»

«እኔንስ ለምን ተውሽኝ? ጆሮዬ ይኸው» አለ ጎንበስ ብሎ።

ሳቄን ዋጥኩት። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰው በጊዮርጊስ ምሎ አጭቶኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ሚስትና ሁለት ልጆች እንዳሉት የሰማሁት የሠርጉ ጠላ ከተጠነሰሰ በኋላ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ወንድ «እንዴት አደርሽ» ሲለኝ እንኳ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ።

ታዲዮስ ሣጥኑን በኮላና በብሎን ካያያዘ በኋላ ከጥግ እስከ ጥግ በሜትር ለካ። ዞሮ ደግሞ በሌላው ጥግ ለካ።

«ምን ጎድሎብህ ነው የምትደጋግመው?»

«ሁለቱ እኩል ካልመጡ ሣጥኑ ተንጋዷል ማለት ነው። የተንጋደደ ሣጥን መሳቢያ አይቀበልም።»

ሲሄድ እኔም ለካሁት። እኩል ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ፤ በየት በኩል ሊያታልለኝ እንዳሰበ ማወቅ አቃተኝ።

ግንቦት ላይ ጨረሰ። መሳቢያዎቹ በአንድ ጣት ይሳባሉ። ሐምሌ ገብቶ ጉሙ ሲወርድ ግን ስድስቱም ተጣበቁ። ይኸው፣ አልኩ። ስልክ ደወልኩለት።

በዝናብ መጣ። መሳቢያዎቹን ታግሎ አወጣና ጠርዛቸውን ሲዳስስ አፈረ። «ክፍተቱን በዓለም ከተማ ደረቅ አየር ለክቼ ነው የተውኩት። እንጨቱ ርጥበት ጠጥቶ አበጠ። እንደዚህ ያለ ጉም አላውቅም ነበር» አለ። ስድስቱንም በመላጊያ ላጋቸው።

በሳምንቱ አምስተኛው ተጣበቀ። መጥቶ ላገው። በሌላው ሳምንትም እንደዚያው። ሲልግ ስለ እናቱ፣ ስለ አገሩ ያወራልኛል። እሱ በሚመጣበት ቀን ነጠላዬን መቀየር መጀመሬን ሳውቅ በራሴ ተቆጣሁ።

ጎረቤቴ እትዬ አመተሥላሴ በርበሬ እየመዘኑ «ይሄ መሳቢያ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው እንዴ የሚያመው?» አሉኝ።

ጥርጣሬዬ ተነሣ። ረቡዕ ዕለት መሳቢያውን ታግዬ አወጣሁና ዙሪያውን ጠመኔ ቀባሁት። አስገብቼ መልሼ ሳወጣው ጠመኔው የተፋቀው በግራ ጎኑ ብቻ ነው። ታቹ አልተነካም። ሰውዬው ግን ሁለት ሐሙስ ሙሉ ሲልግ የነበረው ታቹን ነው።

ሐሙስ ሲመጣ መሳቢያውን ፊቱ አስቀመጥኩት። «የሚነካው ግራው፤ አንተ የምትልገው ታቹን። አናጢ ይሄን ያጣዋል?»

መሳቢያውን አገላብጦ አየ። አሁን ይምላል፣ የትኛውን ታቦት ይጠራ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ።

«አውቄ ነው» አለ። «የመጀመሪያው ቀን በእውነት አለማወቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ይሄን አንዱን አውቄ ተውኩት። ካልተበላሸ በምን ምክንያት እመጣለሁ?»

«ዋሽተኸኛል።»

«ዋሽቻለሁ።»

መላጊያውን አንሥቶ ግራ ጎኑን ሦስቴ ላገ። መሳቢያው ሰተት ብሎ ገባ። «ከእንግዲህ አይጣበቅም፤ አላስቸግርሽም» ብሎ ዕቃውን ሰበሰበ።

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። እንዳያታልለኝ አልነበረም የፈራሁት፤ እንዳይሄድብኝ ነው። ያ በጊዮርጊስ የማለው ሰው ልጆቹን ፎቶ ላይ እያሳየሁት እንኳ የወንድሜ ናቸው ብሎኝ ነበር። ይሄኛው ገና አንድ ጊዜ ብጠይቀው አመነ።

«ታዲዮስ» አልኩት በሩ ላይ ሲደርስ። በስሙ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር። «ሌላ የደበቅኸኝ አለ?»

አሰበ። ወዲያው የለም ቢለኝ ኖሮ አላምነውም ነበር።

«እኔ ስሄድ ሣጥኑን ደግመሽ እንደምትለኪው አውቅ ነበር። እንዳላወቀ ሆንኩ። ሌላ የለም።»

ሳቄ አመለጠኝ። «እንግዲያው መሳቢያ ምክንያት አታድርግ። ሽማግሌ ላክ።»

ፍልሰታ እንደተፈታ ሦስት ሽማግሌዎች አባቴ ደጅ ቆሙ። እንደ ደንቡ፣ ነገራቸው ካልተሰማ አንቀመጥም አሉ። አባቴ ሰምተዋቸው እኔ ወዳለሁበት ጓዳ ገቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምሥራቅ፣ መርሐቤቴ ሩቅ ነው። ያኛውም ቃሉ ያማረ ነበር። ስለዚህ ሰው ምን ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አንድ ውሸት አውቅበታለሁ፣ አባባ» አልኳቸው። «እሱንም የነገረኝ ራሱ ነው።»

አባቴ ኩታቸውን አስተካክለው ወጡና ቆመው የሚጠብቁትን ሰዎች «በሉ ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲሉ ሰማሁ።