የቅርፊቱ ቀለም

መምህሩ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ፤ መነጽራቸው እንኳ ከአፍንጫቸው አልወረደም። ፊት ለፊታቸው ጭላጭ የቀረበት ብርጭቆ አለ። ሐኪሙ «ስኳራቸው ከልክ በላይ ወርዶ ነው» አለ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ መምህሩ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። የዛፍ ቅርፊት ሲያጠኑ ነው ያረጁት። ቅርፊቱ ሰውነትን ከውስጥ ዝገት እንደሚጠብቅ፣ ስኳርንም ጥቂት እንደሚያረጋጋ ስለሚያምኑ ጠዋት ጠዋት አፍልተው ይጠጡታል።

ባለቤታቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ተቀምጠዋል። እንባ የለም።

«ያፈላሁት እኔ ነኝ» አሏት የፖሊስ መርማሪዋን። «ገዳዩም እኔው ነኝ። ውሰጂኝ።»

«ለመውሰዱ እንደርሳለን፣ እናቴ። በምን አፈሉት?»

«የመስታወቱ ማንቆርቆሪያ ተሰበረብኝና በብረት ድስት። ከድኜ ምድጃው ላይ ተውኩለት፤ ራሱ ቀድቶ ይጠጣል ብዬ ወጣሁ።»

የመምህሩ ታናሽ ወንድም በር ላይ ተደግፏል። የቅርፊት ዱቄት ነጋዴ ነው፤ አፍልቶ በፔርሙዝ እየያዘ ያስቀምሳል፤ ደንበኞቹ «ሐኪሜ» ይሉታል።

«ጎራ ብዬ ነበር» አለ። «ከድስቱ ሲቀዳ አይቻለሁ። እንደ ወትሮው ደም የመሰለ ቀይ። እትዬ ምን ታድርግ፣ አበዛችው መሰለኝ።»

መርማሪዋ ማድ ቤት ገብታ ክዳኑን አነሳች፤ አይታ መልሳ ከደነችው። ከዚያ የመምህሩን የቤተ ሙከራ ባልደረባ ጠራቻት።

«ቅርፊት ያግዛል እንጂ ኪኒን አይተካም» አለች ሴትዮዋ። «በዚህ መጠን ሰው አይገድልም። ግን መምህሩ የወንድማቸውን ዱቄት እንድመረምር ሰጥተውኝ ነበር። የተፈጨ የስኳር ሕመም ኪኒን አገኘሁበት። ስነግራቸው ‹ወንድሜ ነው፣ መጀመሪያ እኔ ላናግረው› አሉ።»

የጭላጩ የምርመራ ውጤት ሲመጣ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። መርማሪዋ ሁለት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር።

«ቀለም ቀቢ ሆንሽ እንዴ?» አለ ሐኪሜ።

«ጥቁሩ ከድስቱ የቀዳሁት ነው። ቅርፊት ውስጥ ያለው አፍ የሚያደርቅ ነገር ብረት ሲነካ ይጠቁራል። ድስቱም ሙሉ ነው፤ ማንም ከእሱ አልቀዳም። ቀዩ መምህሩ ከጠጡት የተረፈው ነው። ብረት ያልነካው፣ ከልክ ያለፈ ኪኒን ያለበት።» ዞር አለችበት። «አንተ ግን ከድስቱ ቀይ ሲቀዳ አየሁ አልክ። ድስቱን አይተሃል፤ ክዳኑን ግን አላነሳህም። ቀዩን በፔርሙዝ ይዘህ የመጣኸው አንተ ነህ።»

ሐኪሜ ወለሉን አየ። ማስተባበልም ደከመው።

«ለሕዝብ እናገራለሁ አለኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ዱቄቱ ያለ ኪኒኑ ማንን ያሽላል? ሱቁ እኮ ሕይወቴ ነው።»

«በእትዬህስ አሳበብክ?»

«እሷን ማንም አያስርም ብዬ ነው።»

መርማሪዋ ወደ መምህሩ ባለቤት ጎንበስ አለች። «እናቴ፣ የእርስዎ እጅ የለበትም። የእርስዎን አልቀመሱትም።»

«እሺ» አሉ፣ ዋጋ እንደተነገረው ሰው።

ፖሊሶች ሐኪሜን እጁን አስረው ሲያስወጡት የመምህሩ ባለቤት «ቆዩ» አሉ። እናቱ ስትሞት ገና በጡጦ ሳለ ተቀብለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ተነሥተው ሄዱ፤ እግሩ ሥር ተንበርክከው የተፈታውን የጫማውን ክር ጥብቅ አድርገው አሰሩለት።

«ደረጃው ያዳልጣል» አሉት።