የኛዋ ዞር ስትል

የሲኒማ ቤቱ ፊልም አጫዋች ጋሼ ዘዋሪው የተገኙት ወደ ማሽን ክፍሉ ከሚያወጣው የብረት ደረጃ ግርጌ ነው፤ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ፣ ፊታቸው ወደ አዳራሹ በር ዞሮ። ያገኛቸው ደግሞ የገዛ ልጃቸው ነው። እሑድ ከሰዓት ፊልሙ አልቆ ተመልካቹ በረንዳው ላይ እንባውን ሲጠርግ፣ ልጁ በጓሮ በር ገባና አባቱን ወድቀው አያቸው። ላንሳ ብሎ ሲታገል ሸሚዙ በደም ራሰ። ሰው ጩኸቱን ሰምቶ ሲደርስ ያየው ይህንኑ ነው፤ የሞተ አባትና በደም የራሰ ልጅ። ያኔውኑ ታሰረ።

ጉዳዩ የተመራለትን መርማሪ ባልደረቦቹ ጭምቱ ይሉታል። ሰው ሲያወራ አፉን ዘግቶ ያዳምጣል፤ ክፋቱ፣ ያዳመጠውን አይረሳም።

«ያለቀ ነገር ነው» አለው አለቃው። «የፊልሙ ማሽን በእጅ የሚዞር ነው። ፊልሙ እስከ መጨረሻው ታይቷል። ስለዚህ ሰውዬው ፊልሙ እስኪያልቅ በሕይወት ነበሩ። ካለቀ በኋላ ሁሉም በረንዳ ላይ ነው፤ ጓሮ የነበረው ልጁ ብቻ። በዚያ ላይ ሰው እየሰማ ‹ያቺን ሴት አቃጥላታለሁ› ብሎ ፎክሯል። ምን ቀረህ?»

«የቀረኝን ሳገኘው እነግርሃለሁ» አለ ጭምቱና ኮቱን አነሳ።

የሟች ሚስት የሲኒማ ቤቱ ትኬት ሻጭ ናቸው። እትዬን ያገኛቸው ከዚያችው ከጠባቧ መስኮት ኋላ፣ የተዘጋ ሳጥን ታቅፈው ተቀምጠው ነው።

«ባሌን ቀብሬያለሁ» አሉት ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። «ልጄን ደግሞ በቁሙ ልትቀብሩብኝ ነው?»

«እትዬ፣ እኔ የመጣሁት ለመጠየቅ ነው። ‹አቃጥላታለሁ› ያላት ሴት ማን ናት?»

«የኛዋ ናታ።»

እትዬም ነገሩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ልብስ ሰፊ የመድረኩን መጋረጃ ልትጠግን መጥታ፣ ከመድረኩ ኋላ የዛጉ ቆርቆሮዎች አገኘች። ውስጣቸው ፊልም ነበር፤ ድምፅ የሌለው፣ ሰው ገና በፊልም መናገር ሳይጀምር የተሠራ። መጀመሪያው በስብሶ ስለጠፋ የፊልሙም ሆነ የተዋናይቷ ስም አይታወቅም። ጋሼና ልብስ ሰፊዋ ብቻቸውን አዩት። በሚቀጥለው እሑድ ሌሎች ተጠሩ። ማየት የጀመረ ሰው ሁሉ መተው አቃተው። ስም የላትምና «የኛዋ» አሏት።

«መጨረሻው ላይ ወደ መርከቡ ስትሄድ ዞር ትላለች» አሉ እትዬ። «ዞር ብላ ትክ ብላ ታይሃለች። አታለቅስም፣ አትስቅም። አዳራሹ ሙሉ እያንዳንዱ ሰው እኔን ነው ያየችው ብሎ ይወጣል። እኔ እንኳ በባሌ ልቀናባት ሲገባኝ እወዳታለሁ።»

«ማሽኑን ማዞር ሌላ ማን ይችላል?»

«ልጄ ይችላል፤ አባቱ አስተምሮታል። ልብስ ሰፊዋንም አለማምዷታል፤ ያገኘቻት እሷ ናት ብሎ።»

ልጁ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። ጭምቱ እስር ቤት ሄዶ ሲያገኘው የጥፍሩ ሥር ያለው ቅባት ገና አልለቀቀም።

«አባዬ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ለማሽኑ ሞተር ሠራሁለት። እጄን እየላጠኝ፣ ከሥራ በኋላ እየቆየሁ። ወስጄ ሳሳየው ‹ሞተር ልብ የለውም› ብሎ መለሰልኝ። ሆድ ባሰኝ። ከኔ ይልቅ ያቺ ጥላ በለጠችበት ብዬ አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ።»

«እሑድስ ለምን ሄድክ?»

«ይቅርታ ልጠይቀው ነበራ።» ጭምቱ ከእስር ቤቱ ወጥቶ ወደ ጋራዡ ሄደ።

የጋራዡ ባለቤት ልጁ እሑድም ሥራ እንደነበረው፣ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ወጥቶ ሲሄድ የፊልሙ ማለቂያ ሰዓት ተቃርቦ እንደነበር ነገረው። የመኪናው ሾፌርም መሰከረ። ግን ምን ዋጋ አለው? ሰውዬው የሞቱት ፊልሙ ካለቀ በኋላ ከሆነ፣ ልጁ በሰዓቱ ደርሷል።

ጭምቱ ከዚያ ወደ ፀጉር ቤት ጎራ አለ። ባለቤቷ ፀጉሯን አጭር ቆርጣ በግንባሯ ላይ ጠቅልላዋለች። ያቺን ሴት ለመምሰል እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም።

«እሑድ የተለየ ነገር አይተሻል?»

«ይስቁብኛል እንጂ... የኛዋ ከፍቷት ነበር መሰለኝ። ዞር አለችና ወዲያው ሄደች። አላየችንም።»

«ፊልም እኮ ነው። ሁልጊዜ ያው ነው።»

«እሱንማ ለራሴም ነግሬዋለሁ። ግን አላየችንም።»

ጭምቱ አልሳቀም።

ፒያኖ ተጫዋቹ ከአዳራሹ ፊት፣ ከመድረኩ ሥር ነው የሚቀመጠው። ፊልሙን እያየ ዜማ የሚያወጣለት እሱ ነው። የኛዋ ዞር ስለምትልባት ሰዓት ሲጠየቅ ፊቱ ቅጭም አለ።

«ለዚያ ዓይኗ የሠራሁት ዜማ አለ። ሁልጊዜ ልክክ ይላል። እሑድ ግን ግማሹ እጄ ላይ ቀረብኝ።»

«አንተ ዘግይተህ ይሆናላ።»

«እኔ? እኔ በጋሼ እጅ ነው የምተነፍሰው። ስትሮጥ ያፈጥናሉ፣ ስታዝን ያዘገያሉ። እሑድ፣ ባሕሩ የሚናወጥበት ማዕበሉ ጋ ስንደርስ፣ ምስሉ አንዴ ተንገጫገጨ፤ ከዚያ በኋላ መሮጡም ማዘኑም አንድ ዓይነት ሆነ። ወጥ። ደክሟቸው ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ማዕበሉ ላይ ምን ትጫወታለህ?»

«ጉልበቴን ሁሉ ነዋ። ጣሪያው ቢናድ የሚሰማ የለም።»

ጭምቱ በብረቱ ደረጃ ወደ ማሽን ክፍሉ ወጣ። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው። ግርጌው ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ በአንድ ወገን የጓሮው በር፣ በሌላው ወደ አዳራሹ የመጨረሻ ረድፍ የሚያስገባ በር። ከላይ ማሽኑ፣ የማሽኑ እጀታ፣ ትልቁ መብራት አለ። የመብራቱ ማጥፊያ እጀታውን የያዘ ሰው ግራ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ግድግዳ ላይ ነው። ምናልባት አንዱ አድናቂ ፊቷን ለማስታወሻ ቆርጦ ወስዶ ይሆን፣ ለዚህ ይሆን እይታዋ ያጠረው ብሎ፣ የመጨረሻውን ጥቅል በማጉያ መነጽር መረመረ። ፊልሙ ዳር ዳሩ እየተሰነጠቀ ነው እንጂ አዲስ ቁራጭም አዲስ ሙጫም የለበትም። የኛዋ ሳትጎድል እዚያው አለች።

በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደ። ጎልማሳ ሴት ናት፤ ብቻዋን ትኖራለች። በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና ጥቁር ጨርቅ እየሰፋች ነበር።

«ለእትዬ ነው» አለች ቀና ሳትል። «የሐዘን ልብስ።»

«እሑድ የት ተቀምጠው ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜው፤ የመጨረሻው ወንበር፣ በሩ አጠገብ። ሳለቅስ ሰው ባያየኝ ይሻለኛል።»

«ፊልሙስ እንዴት ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜው። ትክ ብላ አየችን።»

ጭምቱ የሚያየው ፊቷን ሳይሆን ቀኝ እጇን ነው። ስትናገርም፣ ዝም ስትልም፣ ስለ ጋሼ ሲያነሳባት ዓይኗ እንባ ሲያቀርርም፣ እጇ መኪናውን በዚያው በአንድ ፍጥነት ያዞራል። አይፈጥንም፣ አይዘገይም። የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ጭምቱ አመስግኗት ወጣ። ነገር ሲፈታለት ደስ ይለው የነበረ ሰው፣ ያን ቀን መንገዱን እስኪጨርስ ደስታ ዝር አላለበትም።

በሚቀጥለው እሑድ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው። አለቃው እያጉረመረመ መጣ። እትዬ አዲሱን ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ፊት ተቀመጡ። ልጁ በካቴና ታስሮ ገባ።

«ካቴናው ይፈታለት» አለ ጭምቱ። «ወደ ላይ ወጥተህ የመጨረሻውን ጥቅል አባትህ እንዳስተማረህ አዙርልን።»

ልጁ እናቱን አየና ወጣ። መብራት ጠፋ። ማዕበሉ መጣ፣ አለፈ። የኛዋ ወደ መርከቡ ሄደች፤ ዞር አለች። ያን ጊዜ ከላይ የማሽኑ ድምፅ ረገብ አለ፤ እሷም ትክ ብላ አየቻቸው፤ ቆየች፤ ቆየች። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

«ይቺ ናት» አለች። «ይቺ ናት የኛዋ።»

«አሁን መልሰህ፣ ሳታዘገይ፣ በአንድ ፍጥነት» አለ ጭምቱ ወደ ላይ።

ልጁ ጠቅልሎ እንደገና አዞረ። ዞር አለች፤ ሄደች። በቃ።

«ይሄ ያለፈው እሑድ ነው» አለ ፒያኖ ተጫዋቹ ቀስ ብሎ።

መብራቱ በራ። አለቃው ማጉረምረሙን ትቶ ነበር።

«ፊልሙ አንድ ነው፤ የተለያየው እጁ ነው» አለ ጭምቱ። «ያ ረጅም እይታ ፊልሙ ላይ የለም። ጋሼ ናቸው በእጃቸው የሚሰጧችሁ። ይሄን ደግሞ አንዳችሁም አታውቁም ነበር፤ እሷ ናት ብላችሁ ነው የምትወዷት። እንግዲህ ተከተሉኝ። ባለፈው እሑድ ከማዕበሉ በኋላ ያዞረው የጋሼ እጅ አይደለም። ስለዚህ ጋሼ የወደቁት ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ማዕበሉ ላይ ነው፤ ምስሉ የተንገጫገጨ ጊዜ፣ ፒያኖው ሁሉን ድምፅ ሲውጠው። በዚያች ሰዓት ልጃቸው መኪና ሥር ተኝቶ ነበር፤ ምስክር አለው። ማሽኑን ከጋሼ ሌላ ማዞር የሚችሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ እሱ ነው። ሁለተኛው ሰው እጁ ወጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና የሚያዞር እጅ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሁሉ ‹አላየችንም› ሲለኝ፣ አንድ ሰው ብቻ ‹እንደ ሁልጊዜው ትክ ብላ አየችን› አለኝ።»

ማንም ዞሮ አላያትም። ግን ሁሉም አወቀ።

«እኔ ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ ከመጨረሻው ወንበር። «ጥቅሉ ሲቀየር ጋሼ ጠሩኝ። የመጨረሻውን ጥቅል እያዞሩ፣ ያገኘሻት አንቺ ነሽና አስቀድሜ ልንገርሽ አሉኝ። ፊልሙ እየተሰባበረ ነው፣ በታየች ቁጥር እየሞተች ነው፣ ቀዝቃዛ ቦታ ለሚያስቀምጧት ሰዎች ልሰጣት ነው፣ ዛሬ የመጨረሻዋ ነው አሉኝ። ክንዳቸውን ያዝኩ። አይስጡብኝ፣ ሌላ ሰው የለኝም አልኳቸው። እጃቸውን ሊያስለቅቁ ወደ ኋላ ሲሉ እግራቸው ደረጃውን ሳተ።»

«ከዚያስ?»

«ያ ፊልም መብራት ፊት ከቆመ ይነድዳል። ዘልዬ እጀታውን ያዝኩ።»

«ማጥፊያው በግራ እጅዎ በኩል ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን አላጠፉትም?»

ዓይኗን ወደ መድረኩ አነሳች።

«ልትዞር ነበራ» አለች በመጨረሻ። «የመጨረሻዬ ነው። አንዴ ትየኝና እወርዳለሁ አልኩ። ዞር አለች፤ ሄደች። አላየችኝም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ዘመን ሰው አየኝ ብዬ ቤቴ የምገባው በጋሼ እጅ ነው። ቢሆንም ፊልሙ እስኪያልቅ አዞርኩ። ስወርድ ጋሼ አርፈዋል። በአዳራሹ በር ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።»

«ልጁ ሲታሰር ዝም አሉ።»

«አፌ አልከፈት አለኝ። ጨርቁን ይዤ እትዬ ቤት ስሄድ ልነግራቸው ነበር። ቁመታቸውን ለክቼ ተመለስኩ።»

እትዬ ከመቀመጫቸው ተነስተው በወንበሮቹ መሐል ወደ ኋላ ሄዱ። ፖሊሱ ሊያስቆማቸው ሲል ጭምቱ በእጁ ከለከለው። እትዬ ፊቷ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አሏት። «ወዲያው ነው የሞተው?»

ልብስ ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች፤ አይደለም ማለቷ ነው።

«ይናገር ነበር?»

«ይጣሩ ነበር።»

«አንቺን?»

«እርስዎን» አለች። «ፒያኖው ጋብ ሲል ይሰማኝ ነበር፤ ስምዎን ነው የሚሉት። እሷ መርከቡ ላይ እስክትወጣ ድረስ ይጠሩዎት ነበር።»

እትዬ እጃቸውን ወንበሩ ላይ ደገፍ አደረጉ። «እዚያው መስኮቱ ጋ እኮ ነበርኩ» አሉ። «በሩን ብቻ ብትከፍቺልኝ እሰማው ነበር።»

ልጃቸው ከማሽን ክፍሉ ወርዶ መጣ። ክንዳቸውን ይዞ በዋናው በር አወጣቸውና አብረው ወደ ቤት ሄዱ።