ሚስማር ላይ የቀረው ኮት

የክፍል ጓደኛዋ ኢናስ በተሰበረው መስኮት ሾልካ ስትገባ ድንቅቱ ውጭ ቆማ ቀረች። ቡራዩ ዳር ያለውን ይህን አሮጌ የድንጋይ መፍጫ ቤት ማየት ያስጠላታል። አባቷ ሞቱማ እዚህ ነበር የሚሠራው። ድንጋይ የሚወጣበት የካባው ገደል ተንዶ ሦስት ሠራተኞች ሞቱ ከተባለ ወዲህ ቤቱ እንደተቆለፈ ነው፤ ሞቱማም ከዚያች ቀን ጀምሮ የውሃ ሽታ ሆነ።

አለቃው ለእናቷ ለአዴ ዱርሲቱ፣ ባልሽ ገደሉ ከመናዱ በፊት ሥራውን ጥሎ ሄዷል ብሏት ነበር። ሰፈሩ ደግሞ የራሱን ጨመረበት፤ ዱከም ሌላ ሚስት አግብቷል ተባለ። የሰው አፍ መቼ ሥራ ይፈታል። እናቷም እርሟን አላወጣች፣ ጥቁር አልለበሰች። ስሙ ሲነሳ ብቻ ፊቷን ታዞራለች።

«ነይ እንጂ፣ ለትምህርት ቤቱ ፎቶ ክበብ ፏ ያለ ነገር ይወጣል» አለች ኢናስ ከውስጥ።

ድንቅቱ ገባች። ኢናስ መጀመሪያ የዛገውን መፍጫ፣ ቀጥላ ግድግዳውን በስልኳ አነሳች። ግድግዳው ላይ ሚስማሮች ተደርድረዋል። ድንቅቱ ልጅ ሆና ለአባቷ ምሳ ስታመጣ ታያቸው ነበር። ሠራተኞቹ ወደ ገደሉ ሲወርዱ ደህና ልብሳቸውን እዚያ ይሰቅላሉ፤ ወደ ቤት ሲሄዱ ለብሰውት ይወጣሉ። በዚያች ቀን የተረፉት የየራሳቸውን ወስደዋል። አራት ልብስ ግን እንደተሰቀለ ቀርቷል።

አራተኛው ኮት ክርኑ ላይ በአረንጓዴ ጨርቅ ተጥፏል። ጨርቁ የድንቅቱ አሮጌ ዩኒፎርም ነው፤ እናቷ ለአባቷ ስትጥፈው አጠገቧ ነበረች። ድንቅቱ አቧራው ላይ ተቀመጠች።

ነገሩን ስትነግራት ኢናስ ደነገጠች። «ወላሂ አላወቅኩም። ፎቶውን ላጥፋው?»

ድንቅቱ ቀና ብላ ኮቱን አየችው። ፎቶው ቢጠፋ አባቷ ዱከም ውስጥ ይኖራል፤ ክፉ ቢሆንም ይተነፍሳል። ስንት ጊዜ ረግማዋለች! እሱ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ እዚሁ፣ ከድንጋዩ ሥር ነበር። አፈረች፤ ከማልቀስም በላይ አፈረች።

«አታጥፊው። ላኪልኝ» አለችና ኮቱን አውርዳ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቤት ስትደርስ እናቷ ምስር እየለቀመች ነበር። ድንቅቱ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«እማ፣ አባዬ አልከዳንም።»

አዴ ዱርሲቱ ሰፌዱን አስቀምጣ ብድግ አለች። ልጇን ተከትሎ የመጣ ሰው ያለ መስሏት ፊቷ በራ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ውጭ አየች።

ድንቅቱ ገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች።