የባዶ ቤት ድምፅ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ትርሲት ደብረ ብርሃን ባለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ እንደ ወትሮዋ ዐረፍተ ነገር እያነበበች ድምፅዋን ትቀርጻለች። የምታግዘው ፕሮግራም የአማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ነው፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ፈቃደኞች ከያሉበት አንዱ ኮድ፣ ሌላው ድምፅ ያዋጣል። አባቷ አቶ ጥላዬ መጽሐፍ ነፍሳቸው ነው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ግን ሦስት ዓመት አለፈ። እሷ ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ስትመለስ ለማንበብ ቀርቶ ለማውራትም አቅም የላትም። ሥራው ሲያልቅ ፕሮግራሙ በእሷ ድምፅ ያነብላቸዋል፣ እሷም ታርፋለች። ይህን ባሰበች ቁጥር ታፍራለች፤ ቢሆንም በጣም ደክሟታል።

ደንቡ ቀላል ነው። ድምፅ የሚያዋጣ ሁሉ መቅጃውን ከፍቶ ይወጣና የባዶ ክፍሉን ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ይቀርጻል፤ ኮዱም ያንን እንደ ትርፍ ድምፅ ቆጥሮ ከንባቡ ላይ ይቀንሰዋል። የትርሲትን ግን ሥራዎቹን የሚገመግመው ኑረዲን ከደሴ መለሰባት።

«ትርሲትዬ፣ ባዶ ክፍል እኮ ነው የተባለው» ብሎ ጻፈላት። «ነጠላ ጫማ የሚጎትት ሰው ይሰማል።»

ተነሥታ ወደ አባቷ ክፍል ሄደች።

«አባዬ፣ ቅድም ሳሎን ገብተህ ነበር?»

«እኔ? ከአልጋዬም አልወረድኩ።» ከዚያ ፊታቸው በራ። «ሰሞኑንማ ክሰሽኛል ልጄ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ስታነቢልኝ ውዬ፣ መምሸቱንም አላውቀው።»

ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምሳ በኋላ እሷ መሥሪያ ቤት ናት። እርጅና ነው አለች በልቧ፤ አጥብቃ ለመጠየቅም ሰለቻት።

ባዶውን ሳሎን እንደገና ቀርጻ በጆሮ ማዳመጫ ሰማችው። መጀመሪያ የጣሪያው ቆርቆሮ መንኳኳት፣ ከዚያ ከጓዳው በር ተነሥቶ ቀስ እያለ የሚመጣ የነጠላ ጫማ ጉተታ፣ አሁን እሷ የተቀመጠችበት ወንበር ሲንቋቋ፣ በመጨረሻም ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ያልተሰማ የወረቀት ገጽ ሲገለጥ ተሰማት። ሳሎኑ እርጥበት የነካው የቆየ መጽሐፍ ይሸታል። ክንዷን ብርድ ብርድ አላት። ፈራች፤ ከፍርሃቷ ግን ድካሟ ባሰ። አንዴ ደግሜ ልቅረጽና ልገላገለው ብላ መቅጃውን ከፍታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።

በረንዳው ላይ የደብረ ብርሃን ነፋስ እስከ አጥንቷ ዘለቀ። ገና ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ከውስጥ ንባብ ሰማች፤ ጥርት ያለ፣ የማይቸኩል፣ ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ እንደ እሷው ትንሽ የሚያርፍ፣ የራሷ ድምፅ ነበር። አባቷ ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ ከሰማች ቆይታለች። በሩን ልትገፋ እጇን ስትዘረጋ ቀስ ብሎ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያውም ከውስጥ ተወረወረ።

በጡጫዋ ደበደበችው። «አባዬ! ክፈትልኝ፣ እኔ ነኝ!»

ንባቡ ቆመ።

«ማነው የሚያንኳኳው ልጄ?» አሉ አባቷ።

«ማንም የለም አባዬ፣ ነፋስ ነው» አለች ትርሲት ከውስጥ፣ ድካም በሌለው ድምፅ፤ ገጹንም ገለጠች።