ለአራት ሰው የላላ ካቴና

የወንድሜ ልጅ ቤንዚን ጠጣች።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከዚሁ ልጀምር።

እዚህ ቻናል ላይ የሚወጡትን ታሪኮች አነባለሁ። ግማሾቹን እያነበብኩ እስቃለሁ። የተማርኩት ሲቪል ምህንድስና ነው፤ ስለ ጂን ሲወራ ሰዓቴን የማይ ሰው ነኝ። ይሄኛው ግን በራሴ ዓይን ፊት፣ በቀን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ላይ የሆነ ነው። ወላሂ አንድም ነገር አልጨመርኩበትም። እንዲያውም አንዳንዱን ትቼዋለሁ።

ጊዜው ሐምሌ ነበር። ቅዳሜ።

ቦታው የወንድሜ የጀላል ቤት። ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጃናሞራ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ዳር ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ በረንዳው ላይ ቆማችሁ የግቢው በር አይታያችሁም።

ጀላል በሞተር ሳይክል እየዞረ የሚነግድ ሰው ነው። ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ፣ የላስቲክ ጫማ። አርብ ማታ ከአዲ አርቃይ ሲመለስ ሊማሊሞን የወጣው በጉም ነበር። ዕቃውን ሁሉ ሸጦ፣ ባዶውን።

ሲገባ ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ሞተሩ ከበደኝ» አለ።

«ዳገት ነዋ።»

«ዳገቱን ዛሬ ነው እንዴ የማውቀው? አንዱ መታጠፊያ ላይ መነጽሬን ልጠርግ ቆምኩ። ከዚያ ስነሳ... ሰው የጫንኩ ነው የሚመስለው።»

ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ። ግን ከእኔ ቀድሞ አቆመ።

በማግስቱ ሚስቱ ረህማ ዳባት ገበያ ወረደች። እሱ ሞተሩን በረንዳው ላይ ፈታው። መካኒክ ጋ መሄድ አይወድም። ዩቲዩብ ያያል፣ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈዋል። ባለፈው ፍሬኑን ራሱ ሠርቶ ጎረቤት አጥር ውስጥ ነው የቆመው።

«ኢንጂነሯ! ነይ እስቲ መፍቻ አቀብዪ። ዲግሪሽ ለዚህ እንኳ ይጥቀመን።»

«የጎረቤቱን አጥር የሚሠራ ኢንጂነር ነው የሚያስፈልግህ።»

ካርቡራተሩን አጸዳ... ንጹሕ ነው።

ፍሬኑን ፈታ... አልያዘም።

የኋላውን ጎማ አወጣ። በእጁ ሲያዞረው እንደ እንዝርት ይሽከረከራል።

«ምንም የለውም እኮ» አለ። «ታዲያ ምኑ ነው የሚከብደው?»

ታንከሩን ለማውረድ ሲል ቤንዚኑን በሃይላንድ ቀድቶት ነበር። የውሃ ሃይላንድ፣ የውሃ ክዳን። በረንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጦት ወደ ሥራው ዞረ።

ሩመይሳ አራት ዓመቷ ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት ሳሏን ነው። ትን ያላት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሃይላንዱን በሁለት እጇ እንደያዘች አየኋት። ቀሚሷ ርሷል። አፏን አሸተትኩት።

«ጀላል!»

መጥቶ ከእጄ ነጠቀኝና ጣቱን አፏ ውስጥ ከተተ።

«አታስመልሳት!»

«ልቀቂኝ!»

«ሲወጣ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። ትገድላታለህ። እጅህን አውጣ!»

አወጣ።

ስልክ ደወልን። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ርቆ ሄዷል አሉን። ሌላ ልንደውል ስንል ኔትወርኩ ጠፋ። እየሮጥኩ መንገድ ወጣሁ። ጉም ብቻ። አህያ እንኳ አያልፍም። ቅዳሜ ነው፤ ያለው ሁሉ ገበያ ወርዷል።

ተመልሼ ስመጣ ሩመይሳ ማልቀስ አቁማለች። ያስፈራኝ ይሄ ነው። ዓይኗ ይከደናል። ትንፋሿ ያፏጫል።

የነበረን ሞተሩ ብቻ ነው። እሱም በረንዳው ላይ ተበታትኗል።

ልጅቷን በጎኗ ፍራሽ ላይ አስተኛኋት፣ ትንፋሿ እንዲሰማኝ አጠገቤ። ሞተሩን ከሥሩ በድንጋይ ደግፈን መግጠም ጀመርን። ጀላል ብሎን ያነሳል፣ ይጥላል፣ ያነሳል። ጎማውን አስገባን።

«እኔ ታንከሩን ልሰርና የተረፈውን ቤንዚን ልመልስ፣ አንቺ ካቴናውን ወጥሪ» አለኝ። «ደግሞ እንዳታጠብቂው። ባዶ ሲሆን ላላ ማለት አለበት።»

ይቺን ልብ በሉልኝ።

ካቴናው የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ሰንሰለት ነው። ሞተሩ ላይ ሰው ሲቀመጥ የኋላው ሞላ ይጨመቃል፣ ካቴናውም ይወጠራል። ሰው ሲወርድ መልሶ ይላላል። እኛ አገር ሞተር ላይ ሦስትም አራትም ሰው ስለሚወጣ፣ ልምዱ ተሳፋሪዎቹን ቁጭ አድርጎ ካቴናውን በእነሱ ልክ ማስተካከል ነው። ከልክ በላይ ከጠበቀ ዳገት ላይ ይበጠሳል። ከልክ በላይ ከላላ ይወልቃል።

አስተካከልኩት። በጣቴ ስገፋው ላላ ይላል። የጎማውን ማሰሪያ ዳዶ አጠበቅሁ። ድንጋዩን ከሥሩ አወጣነው፤ ሞተሩ በጎማው ቆመ።

ካቴናውን መልሼ ነካሁት።

ግትር ብሏል።

የተሳሳትኩ መሰለኝ። ዳዶውን ፈታሁ፣ አላላሁት፣ መልሼ አጠበቅሁት። ነካሁት።

ግትር።

«ጀላል፣ ካቴናውን ልየው፤ ከላዩ ላይ ውረድ።»

«ከምኑ ላይ?»

ድምፁ የመጣው ከፊት ለፊት ነው። የፊተኛው ጎማ አጠገብ ተንበርክኮ የታንከሩን ቱቦ እያሰረ ነበር።

መቀመጫው ላይ ማንም የለም።

ሞላውን አየሁት። ታች ድረስ ተጨምቋል። የኋላው ጎማ ከሥሩ ሆዱ ወጥቷል... ጭነት እንዳለበት ጎማ።

የተሳፋሪው እግር መርገጫ ተዘርግቷል። በግራም በቀኝም። ጎማውን ስናስገባ በእጄ ነው ያጠፍኩት።

ከዚያ ሌላውን አየሁ። ጉሙ በረንዳው ውስጥ ገብቶ ሁሉም ነገር ላይ ጤዛ ጥሏል። መሪው ላይ፣ ታንከሩ ላይ፣ መፍቻዎቹ ላይ። የመቀመጫው የኋላ ግማሽ ብቻ ደረቅ ነው። ስፖንጁም ወደ ውስጥ ገብቷል።

ጀላል አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ብዙ ጊዜ ያየውን ነገር እንደሚያይ ሰው አየው።

«ትናንትናም እንዲህ ነበር?» አልኩት በሹክሹክታ።

«አላየሁም... ወደ ኋላ አልዞርኩም።»

«ለምን?»

«እንጃ። አልዞርኩም አልኩሽ።»

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር የለኝም። ልጅ እየሞተችብን ነው። ጮህኩ።

«ማንም ሁን፣ ውረድ! ሰማህ? ውረድ!»

ምንም።

ሞላው ንቅንቅ አላለም። ጉሙ ውስጥ የራሴን ድምፅ ብቻ ሰማሁ። አፈርኩም፤ ለባዶ መቀመጫ እየጮህኩ።

ከዚያ የሩመይሳ ፉጨት ተቋረጠ።

ሁለታችንም ዞርን። አንድ ጊዜ... ከዚያ በኃይል ሳለችና እንደገና ማፏጨት ጀመረች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

«ላላ አድርጊው» አለኝ ጀላል።

«ምኑን?»

«ካቴናውን። ለእሱም ጨምረሽ ላላ አድርጊው።»

«አብደሃል?»

«ይሂድ። ከእኛ ጋር ይሂድ። ልጄ ጊዜ የላትም፣ ኑራ።»

ልጅቷን አቅፎ ሞተሩ ላይ ወጣ። እንደ ልምዱ ልክ ልንወስድ ነው። ወደ ፊት ተጠግቶ ታንከሩ ላይ ተጣበቀ። ኋላው ሰፊ ቦታ እያለ።

እኔ ከጎማው አጠገብ ተንበረከክሁ። ዳዶውን ፈታሁ። የተዘረጋው መርገጫ ከጆሮዬ አጠገብ ነው። ከአናቴ በላይ አንድ ነገር ጎንበስ ብሎ ሥራዬን እንደሚያይ አውቅ ነበር። እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቁኝ።

ቀና አላልኩም።

ካቴናውን ለጀላል፣ ለሩመይሳና ለእሱ አላላሁት። ከዚያ ለራሴም ትንሽ ጨመርኩ። ለአራት ሰው።

«ቢስሚላህ» አለ ጀላል። ረግጦ አስነሳው።

ሩመይሳን መሃላችን አድርጌ ከኋላው ተቀመጥኩ። ከጀርባዬ ቦታ ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ። ስቀመጥ ግን ጠበበኝ።

መንገዱ አይታይም። የፊት መብራቱ ጉሙን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል። ጠጠሩ ከሥራችን ይፈናጠራል። ፊቴ ርሷል፣ እጄ ርሷል፣ የሩመይሳ ፀጉር ርሷል።

ጀርባዬ አልራሰም።

ጀርባዬን ነፋስ እንኳ አልነካኝም።

ዳገቱ ሲጀምር ሞተሩ አቃሰተ። ጀላል ማርሽ ቀነሰ። ያን ጊዜ ነው ከሥራችን ቻ... ቻ... ቻ የሚል ድምፅ የሰማሁት። ካቴናው መምታት ጀምሯል። ልክ በላዩ ካለው ሰው አንዱ ከመቀመጫው ብድግ እንዳለ።

ሊወርድ ነው።

እዚህ ከወረደ ካቴናው ይወልቃል። ጉም ውስጥ፣ ዳገት ላይ፣ ጥርሱ የረገፈ የቻይና መፍቻ ይዘን፣ ልጅቷ እቅፌ ውስጥ...

«ኑራ! ምንድነው?» ጮኸ ጀላል።

«ንዳ!»

ቻ... ቻ... ቻ...

አፌን ወደ ትከሻዬ አዞርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ።

«እባክህ» አልኩት። ከደቂቃዎች በፊት ውረድ ብዬ የጮህኩት እኔው ነኝ። «እባክህ፣ እስክንደርስ ተቀመጥ።»

መቀመጫው ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ።

ካቴናው ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ እስከ ደባርቅ ድረስ እኔ የልጅቷን ትንፋሽ ነበር የማዳምጠው። ከጀርባዬም ትንፋሽ ይሰማኝ ስለነበር፣ የትኛው የእሷ እንደሆነ ለመለየት ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጥፌ ነው የሄድኩት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጀላል ሞተሩን ጣለና ካርድ ለማውጣት ሮጠ። እኔ ልጅቷን ይዤ ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። ጠባብ ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ወለሉ ላይ ሚዛን። ነርሷ ማህደር ትባላለች፤ ደረቷ ላይ ተጽፏል።

«ምን ሆነች?»

«ቤንዚን ጠጥታ።»

«አስመልሳችኋታል?»

«አላስመለስናትም።»

«ጎበዝ።» ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ኦክስጅኑን አፍንጫዋ ላይ አደረገች፣ ደረቷን አዳመጠች። ሩመይሳ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አየር ሳብ አደረገች። ከንፈሯ ቀስ በቀስ መልኩ ተመለሰ።

«ኪሎዋ ስንት ነው?»

«አላውቅም።»

«መድኃኒቱ በኪሎ ነው። ቱቦውን እኔ እይዛለሁ፤ አንቺ ሚዛኑ ላይ አስቀምጫትና ልቀቂያት።»

አስቀመጥኳት። ለቀቅኳት።

የሚዛኑ ቀስት ሄደ፣ ሄደ... ሰማንያ አካባቢ ቆመ።

ተበላሽቷል ልል አፌን ስከፍት ማህደር ቀና አለች። ከእኔ ጎን፣ ከሩመይሳ ጀርባ፣ ባዶውን ቦታ አየች። ቀኑን ሙሉ ሰው ስታስተናግድ እንደዋለች ነርስ፣ በደከመ ድምፅ ተናገረች።

«አባቴ፣ እርስዎ ይውረዱልኝ። ልጅቷ ብቻዋን ትመዘን።»

ቀስቱ ተንቀጠቀጠ። ወረደ።

አሥራ አራት።

«እንዲህ ነው እንጂ» አለችና ወደ ጠረጴዛው ዞራ መርፌውን አዘጋጀች። ስትወጋት ሩመይሳ አለቀሰች። ጉሮሮዋ እስኪነቃ፣ እንደ ጤነኛ ልጅ። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ያለ ጥሩ ድምፅ አልሰማሁም።

ግን መደሰት አልቻልኩም። ክፍሉ ውስጥ ያለነው እኔ፣ እሷና ልጅቷ ነን።

«ሲስተር...» አልኩ በሹክሹክታ። «ቅድም ማንን ነው ያናገርሽው?»

ግራ ገባት።

«አባትሽ አይደሉም እንዴ? ትከሻሽን ይዘው አይደል የገቡት?»

እጄን ወደ ትከሻዬ ሰደድኩ። ትከሻዬ ላይ ምንም አልነበረም። ምንም አይታየኝም ነበር ማለቴ ነው።

ማህደር ፊቴን አየች፣ ከዚያ ወደ አልጋው ራስጌ አየች። ፈገግ አለች፣ ለሽማግሌ ፈገግ እንደሚባለው።

«አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ አባቴ። እሷ ትቆይ፤ እርስዎ ደጅ ይጠብቁን።»

ዓይኗ ከአልጋው ተነሥቶ ቀስ እያለ ክፍሉን አቋረጠ። የሆነ ሰው ሲራመድ እንደሚከተል። በፊቴ አለፈ።

የበሩ እጀታ ወደ ታች ወረደ።

በሩ ተከፈተ... ከዚያ ከውጭ በኩል፣ የታመመ ልጅ እንዳይረብሽ እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ ድምፅ ሳያሰማ ተዘጋ።